ዓመል ነው ወይስ መድኃኒት?

«ዓመል ያወጣል ከመኻል» የሚለው ያገራችን ተረት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሰካራም ከማኅበሩ፥ ቁማርተኛ ከቤቱ፥ ተሳዳቢ ከወዳጆቹ መካከል የሚወጣው በገዛ ዓመሉ ነው፤ ይህንንም ለመንገር ሐኪም አያስፈልግም። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በጨዋነት የኖረ ሰው በ55 ወይም በ60 ዓመቱ ድንገት ቁማር ቢጀምር፥ ገንዘቡን ቢበትን፥ ወይም ቤተሰቡን በሚያሳፍር ነገር ቢጠመድ፥ ተረቱን ከመጥቀሳችን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል። ይኸውም «ይህ ሰው በቅርቡ የጀመረው መድኃኒት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለብዙ አንባቢ እንግዳ እንደሚመስል እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም እንግዳነቱ እንዲቀር ነው።

በነዚህ ገጾች ዘወትር የሚወጣው ስለ ንጹሕ ውሃ፥ ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ ወባና ስለ ልጆች ክትባት ስለሆነ፥ የጠባይ ነገር እዚህ ምን አመጣው የሚል አይታጣም። መልሳችን አጭር ነው። የጤና አጠባበቅ ትምህርት በሽታን ከደጅ ማገድን እንደሚያስተምር ሁሉ፥ በሽታን ለማስታገሥ ወደ ቤት ያስገባነውን መድኃኒት አውቆ መያዝንም ማስተማር አለበት። ክኒን በማን ቤት እንዳለ፥ ማን እንዳዘዘው፥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የማያውቅ ቤተሰብ፥ ጉድጓዱን ሳይከድን ልጆቹን በደጅ እንደሚያጫውት ቤተሰብ ነው።

በሽታው በሕክምና ስሙ ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን ያገኘው ስለ ሚያንቀጠቅጥ ሽባነት በ1817 አነስተኛ መጽሐፍ ካሳተመው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ60 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይታያል፤ በወጣትነት የሚይዛቸውም አሉ። ባንድ ወገን እጅ ይጀምራል፤ እጁ ሥራ ፈትቶ ባረፈበት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ከዚያም ሰውነት እየከበደ፥ እርምጃ እያጠረ፥ ፊት ደስታም ኀዘንም የማይነበብበት እየሆነ፥ ድምፅም እየቀነሰ ይሄዳል። መምህራን የሆናችሁ አንባብያን አንድ ምልክት በተለይ ልብ በሉ፤ የሕመምተኛው የእጅ ጽሕፈት ከመስመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እያነሰና እየተጨማደደ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የእርጅና ወግ ሳይሆን በሽታ ነው።

በአገራችን የበሽታው መኖር ዛሬ የተሰማ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰዎችን መርምረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ100,000 ሰው መካከል ወደ 7 የሚሆኑ የፓርኪንሰን ሕሙማን አግኝተዋል። ቁጥሩ ከአውሮፓ ጋር ሲመዘን እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት መሆኑንና በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚበዛ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ሕዝባችን ዕድሜው በረዘመ መጠን የሕሙማኑም ቁጥር ይጨምራል። በአዲስ አበባም ሕሙማኑንና ቤተሰቦቻቸውን የሚረዳ ማኅበር ተቋቁሟል።

አሁን ስለ መድኃኒቱ እንናገር። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት ማድረስ ነው። አርቪድ ካርልሰን የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1957 በመድኃኒት ያደነዘዛቸውን ጥንቸሎች ሌቮዶፓ የተባለውን ነገር በሰጣቸው ጊዜ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ለዚህና ተከትሎ ለሠራው ሥራ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው በቪየና በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፥ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ዶፓሚን ተሟጥጦ እንዳገኙት በ1960 አስታወቁ። ጆርጅ ኮትሲያስ ደግሞ በ1967 በአሜሪካ ሌቮዶፓን መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በመስጠት፥ ከአልጋ የማይነሡ ሰዎች እንዲራመዱ አደረገ። ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ ከሚባለው አጋዡ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ የዚህ በሽታ ዋነኛ መድኃኒት ነው። ከርሱ ሌላ የዶፓሚንን መቀበያ በቀጥታ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ብሮሞክሪፕቲን ቀደም ያለው ሲሆን፥ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሰፊው የሚሠራባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን «ቀስቃሾቹ» እንላቸዋለን።

ዶፓሚን ግን እጅና እግርን ብቻ አያንቀሳቅስም። ምኞትን፥ ተስፋን፥ «ያን ነገር ባገኘሁ» የሚለውንም ስሜት የሚያስነሣ እርሱው ነው። ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ለመረዳት ባንድ ቦይ ውሃ የሚጠጡ ሁለት ማሳዎችን እናስብ። የላይኛው ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የታችኛው ግን ገና እርጥብ ነው። ለላይኛው ብለን ቦዩን ሰፋ አድርገን ስንከፍት የላይኛው ይለመልማል፤ ውሃ ያልቸገረው የታችኛው ግን ይጥለቀለቃል። በፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል የደረቀው ማሳ እንቅስቃሴን የሚመራው ክፍል ነው፤ እርጥቡ ማሳ ምኞትንና ደስታን የሚመራው ክፍል ነው። ቀስቃሾቹ መድኃኒቶች በተለይ የታችኛውን ማሳ የማጥለቅለቅ ኃይል አላቸው። እንግዲህ እጁ መንቀጥቀጡን የተወለት ሰው ምኞቱ ልጓም ቢያጣ አያስደንቅም።

ምኞቱ የሚወጣበት በር ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ቁማር ይጫወታል። አንዱ የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል፤ ለወዳጅም ለማያውቀውም ስጦታ ይበትናል። አንዱ ሌሊት ተነሥቶ ሳይርበው ይበላል። አንዱ የሩካቤ ፍላጎቱ ከልክ አልፎ የትዳር ጓደኛውን ያስመርራል፥ ወይም ከትዳር ውጭ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ጥቅም የሌለውን ሥራ ለሰዓታት ይደጋግማል፤ ሬድዮ ይፈታል፥ ይገጥማል፥ እንደገና ይፈታል፤ ምስማርና ቁልፍ ይደረድራል፥ ያፈርሳል። ጫት ቃሚ በምርቃናው ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር ሲጠመድ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ቅመም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲፈስ የሚያደርግ ነውና። በመጨረሻም፥ መድኃኒቱን ራሱን ከታዘዘው በላይ የሚውጡና ተጨማሪ ለማግኘት የሚደብቁ አሉ፤ ይህ በሌቮዶፓም የሚደርስ ነው።

ይህ በሐሜት የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ያሉ ሐኪሞች ቀስቃሾቹን ሲወስዱ ቁማርተኞች የሆኑ 11 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ታሪክ በ2005 አሳተሙ፤ 9ኙ ፕራሚፔክሶል ይወስዱ ነበር። ኋላቸውን ለመከታተል በተቻለባቸው ሕሙማን ዘንድ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ቁማሩም ቆመ። በ2010 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ 3,090 ሕሙማን የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት ታተመ። ከነዚህ መካከል ከ100 ሰው ወደ 14ቱ በቁማር፥ በግዢ፥ በመብል ወይም በሩካቤ ራሱን መግዛት ያቃተው ሆኖ ተገኘ፤ ቀስቃሾቹን በሚወስዱት ዘንድ ከ100 ሰው 17፥ በማይወስዱት ዘንድ ግን 7 ነበሩ። በ2018 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ፥ በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 46ቱ እንዲህ ያለ ችግር ሊያገኛቸው እንደሚችል አመለከተ። ከሁለት ሰው ወደ አንዱ ለሚጠጋ ነገር «ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነው» ማለት አይቻልም።

ከሳይንስ ሊቃውንት አልፎ የሕግ ሰዎችም ነገሩን ተቀብለውታል። በፈረንሳይ ሬን ከተማ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2012፥ ሮፒኒሮል ሲወስድ በቁማርና በሩካቤ ምኞት ለተጎዳ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ወደ 197,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፈለው ፈረደ። ሰውየው መድኃኒቱን የጀመረው ማስጠንቀቂያው በወረቀቱ ላይ ከመጻፉ በፊት ነበር። ፍርዱ የሚያስተምረን ትልቅ ነገር አለ፤ ጉዳቱን አስቀድሞ አለመናገር ራሱ ጉዳት መሆኑን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በቁንዝላ ገበያ እህል እየነገዱ ልጆች ያሳደጉ አንድ ሽማግሌ አሉ እንበል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጃቸው ከውጭ አገር የላከችላቸውን ክኒን ከዋጡ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ተራምደው መሳም ችለዋል፤ ጎረቤቱም «እግዚአብሔር ማራቸው» ብሏል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለዘር የተቀመጠው ገንዘብ ከሣጥን ይጎድላል። ሽማግሌው ወደ ባሕር ዳር መመላለስ ያበዛሉ፤ በቅርብ ዓመታት በየከተማው የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድ ላይ ብር ሲያፈሱ ሰው አይቷቸዋል። ባለቤታቸው ሲጠይቁ ይቆጣሉ፤ ልጆቻቸው ሲጠይቁ ይክዳሉ። አንዱ ጎረቤት «በስተርጅና ዓመል አወጡ» ይላል፤ ሌላው «መተት ተደርጎባቸው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ጋኔን ቢይዛቸው ነው» ይላል። ባለቤታቸው ወደ ሽማግሌ፥ ልጆቻቸው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ወደ ክኒኑ ሣጥን የሚሄድ ግን አንድም ሰው የለም፤ ምክንያቱም ክኒኑ ደግ ሥራ ሲሠራ ታይቷል፤ ደግ የሠራውን ደግሞ ማንም አይጠረጥርም።

በዚህ ቤት የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሳቸው «እኔ ማን ሆንኩ?» ብለው ያዝናሉ፤ በራሳቸው ያፍራሉ፤ ኀፍረታቸውም አፋቸውን ይዘጋዋል። ሕሙማን ይህን ነገር ለሐኪም የማይናገሩት የሚዋሹ ስለሆኑ አይደለም። አንደኛ፥ ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት እንዳለው አያውቁም። ሁለተኛ፥ የሚያውቁትም ቢሆኑ መድኃኒቱ ተወስዶባቸው ወደ አልጋቸው እንዳይመለሱ ይፈራሉ። ስለዚህ ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ሲጠየቁም ቤተሰብ በሌለበት፥ በጭምት ቃል፥ ያለ ወቀሳ መጠየቅ አለባቸው።

በሐሳባችን ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ከሙያ ባልደረቦቻችን የሚመጣ ነው። «ለሕመምተኛው ይህን ብንነግረው ፈርቶ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ቢተወውም ይሽባል፤ ስለዚህ ዝም ይሻላል» ይላሉ። ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፤ መደምደሚያቸው ግን አይደለም። ያልተነገረው ሕመምተኛም መድኃኒቱን ይተዋል፤ የሚተወው ግን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ፥ ባንድ ቀን፥ ያለ ሐኪም ነው። የተነገረው ግን የመጀመሪያውን ምልክት ሲያይ ይመጣል፤ መጠኑም በጊዜ ይቀነስለታል። ደግሞም በገዛ አካሉና በገዛ ገንዘቡ ላይ የሚመጣውን ነገር የማወቅ መብት የሕመምተኛው ነው፤ ለእኛ በአደራ የተሰጠን እውቀት እንጂ የእርሱን ኑሮ የመወሰን ሥልጣን አይደለም።

ሁለተኛው «እነዚህ መድኃኒቶች በአገራችን እምብዛም አይገኙም፤ የፈረንጅን ጭንቀት ለምን እናመጣለን?» የሚል ነው። እርግጥ ነው፥ ብዙው ሕመምተኛ ሌቮዶፓን እንኳ በችግር የሚያገኝ ነው፤ ብዙውም በርካሽነቱ የታወቀውን ትራይሄክሲፌኒዲልን ይወስዳል፤ ይህ በሌላ መንገድ የሚሠራ፥ ሽማግሌዎችን ለመርሳትና ለመቃዠት የሚዳርግ፥ የራሱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ነገር ግን በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ለወላጆቻቸው መድኃኒት በሻንጣ ይልካሉ። ሐሳባቸው የተቀደሰ ነው። ሆኖም በሻንጣ ክኒኑ ይመጣል እንጂ ሐኪሙ አይመጣም፤ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ሽማግሌው በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ተጣጥፎ ይቀራል። መድኃኒቱ ጥቂት በሆነበት አገር ጉዳቱን የሚያውቀውም ሰው ጥቂት ስለሚሆን፥ አንድ ሰው ላይ የሚወርደው ጉዳት የባሰ ይሆናል። በተጨማሪም ነገሩ የፓርኪንሰን ሕሙማን ብቻ አይደለም። ብሮሞክሪፕቲንና ካበርጎሊን ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ለበዛባቸው ሰዎች፥ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ሌሊት እግራቸው አላስተኛ ለሚላቸው ሰዎች ይታዘዛሉ። ለአእምሮ ሕመም ስለሚታዘዘው አሪፒፕራዞልም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሦስተኛው ከሥነ ምግባር መምህራን የሚነሣ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «እንዲህ ከተባለማ ቁማርተኛ ሁሉ በክኒን አሳቦ ከበደሉ ሊያመልጥ ነው» ይላሉ። አይደለም። መለያው ጊዜው ነው። ዓመሉ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ወይም መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ነበረን? ካልነበረ፥ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወይም ዓመታት መጣን? መድኃኒቱ ሲቀነስ ረገበን? ለነዚህ ጥያቄዎች በሐኪም ፊት መልስ ይገኝላቸዋል። የጠፋው ብር እንዲተካ፥ የተከፋችው ሚስት ይቅርታ እንዲጠየቅላት ማድረግም ተገቢ ነው፤ ሕመም መሆኑ የደረሰውን ጉዳት አልደረሰም አያሰኝም። ነገር ግን ለሚጥለቀለቅ ማሳ ምክር ብቻ አይበቃም፤ ቦዩን ማጥበብ ያስፈልጋል።

ከጣና ዳርቻ ሕዝብ ራሱ የምናነሣው ምሳሌ ይህን ያስረዳልናል። በደንቢያና በፎገራ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ሰው ጓያ አብዝቶ በመብላቱ እግሩ ሰለለ። ጓያ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚደርስ፥ ነፍስ የሚያተርፍ ጥራጥሬ ነው፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነርቭን ይጎዳል። ዛሬ በጓያ የሰለለውን ሰው «ሰነፍ ስለሆነ አይሄድም» የሚል ጨካኝ አይገኝም፤ ምክንያቱ ታውቋልና። እንግዲህ እግርን የሚያሰንፍ ነገር በምግብ ሊገባ እንደሚችል ካመንን፥ ምኞትን የሚያሳብድ ነገር በክኒን ሊገባ እንደሚችል ለማመን ለምን እንቸገራለን? አንጎልም እንደ እግር ሥጋ ነው።

ስለዚህ በሥራ ላይ እንዲውሉ የምንመክራቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ ለሕመምተኛውና ሕመምተኛው ለሚያምነው አንድ የቤተሰብ አባል በግልጽ ቃል ይንገር። ቀድሞ ቁማር ወይም መጠጥ ያስቸገረው፥ ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት፥ ወይም በሽታው በወጣትነቱ የያዘው ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ ቀስቃሾቹ ሲታዘዙለት ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ።

2ኛ፤ ሕመምተኛው በመጣ ቁጥር ስለ እጁና ስለ እግሩ እንደሚጠየቅ ሁሉ ስለ ገንዘቡ፥ ስለ እንቅልፉ፥ ስለ መብሉና ስለ ትዳሩ ብቻውን ይጠየቅ። ጥያቄው ለሁሉ የሚቀርብ መሆኑ ከተነገረው አይቀየምም።

3ኛ፤ ምልክቱ ከታየ ማንም ሰው መድኃኒቱን ባንድ ቀን አያቁም። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን እንደ እንጨት የሚያደርቅ፥ ብርቱ ትኩሳት የሚያመጣ፥ እስከ ሞት የሚያደርስ አደጋ ሊከተል ይችላል። ቀስቃሾቹም በድንገት ሲቀሩ ጭንቀት፥ ላብ፥ ሕመምና የመድኃኒቱ ጥማት ያስከትላሉ። ቅነሳው በሐኪም ትእዛዝ፥ ቀስ በቀስ ይሁን፤ ብዙ ጊዜም ቀስቃሹ እየተቀነሰ ሌቮዶፓ በልኩ ሲተካ ሰውየው እግሩንም ጠባዩንም ይዞ ሊኖር ይችላል።

4ኛ፤ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን በጸበሉ ቦታ ሳሉም መድኃኒታቸውን አያቋርጡ። ጸሎትና መድኃኒት የሚጣሉ አይደሉም፤ ባንድ ጊዜ የቋረጠ ክኒን የሚያመጣው ድርቀትና ትኩሳት ግን የመንፈስ ሥራ መስሎ ሰውን ሊያሳስት ይችላል።

5ኛ፤ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ የቤቱ ገንዘብ፥ የባንክ ደብተሩና የስልክ የክፍያ ቁጥሩ በሕመምተኛው ስምምነት በሚታመን ሰው እጅ ይቆይ። ክብሩን በሚጠብቅ መንገድ ይደረግ፤ በአደባባይ አይነገር።

6ኛ፤ ከውጭ አገር መድኃኒት የሚልክ ዘመድ አስቀድሞ ከዚህ ካለው ሐኪም ጋር ይማከር፤ ወረቀቱንም አብሮ ይላክ። መድኃኒቱ የተላከለት ሰው ሣጥኑን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች፥ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ይላካል። የነርቭ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂቶች፥ የሚበዙትም በአዲስ አበባ ያሉ ስለሆኑ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ በጤና ጣቢያ መጠየቁ ግድ ነው።

በመጨረሻ ቃላችን ለናንተ ለመምህራንና ማንበብ ለምትችሉ የከተማ ሰዎች ነው። ባገራችን ደብዳቤ ሲመጣ፥ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርስ፥ የመሬት ወረቀት ሲሰጥ ጎረቤት ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። በመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘው ያቺ ቀጭን ወረቀትም ደብዳቤ ናት፤ የምታነባትም ካላገኘች መልእክቷ ሳይደርስ ይቀራል። የፕራሚፔክሶልና የሮፒኒሮል ወረቀቶች ዛሬ ስለ ቁማር፥ ስለ ግዢ፥ ስለ መብልና ስለ ሩካቤ ማስጠንቀቂያ ይዘዋል። ስለዚህ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ወይም እናት በሰፈራችሁ ካሉ፥ «አባባ፥ ወረቀቱን ላንብብልዎት» ወይም «እማማ፥ ወረቀቱን ላንብብልዎት» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም በሰፈር ሸንጎ፥ በዕድር ወይም በማኅበር ላይ አንድ ጨዋ ሰው በስተርጅናው ተለወጠ ተብሎ ሲታማ በሰማችሁ ጊዜ፥ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት «የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ አንዲት ቃል ጣል አድርጉ። ሐኪም ያልደረሰበትን ቤት የምትደርሱበት እናንተ ናችሁ፤ በዚያች አንዲት ቃልም ትዳር ሊጸና፥ የዘር ገንዘብ ሊተርፍ፥ የሽማግሌም ክብር ሊጠበቅ ይችላል።